ድግሱ የቢራው፣ ዕዳው የማን?

አዲስ ቢራ ወደ ገበያ ሲወጣ ከጣዕሙ አስቀድሞ የሚደርሰው ከበሮው ነው። ከ2006 እስከ 2011 ዓ.ም. በነበሩት ዓመታት የአዲስ አበባ ግሮሰሪዎች ይህን በሚገባ አይተውታል። አንድ ሰሞን በአንዱ ፋብሪካ ቀለም ተቀብቶ የከረመ ቤት በሚቀጥለው ሰሞን የሌላውን ቀለም ለብሶ ይገኛል። ጃንጥላው፣ ማቀዝቀዣው፣ የአስተናጋጇ ካናቴራ፣ ከቆርኪው ሥር የሚፈለገው ዕጣ ሁሉ አብሮ ይመጣል። መድረክ ይተከላል፤ ድምፃዊው ይዘፍናል፤ ወጣቱ ይጨፍራል። በማግስቱ ባለግሮሰሪው የሚቆጥረው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ባዶ ጠርሙስ።

ነገሩ የሚለየው በዚያ ቆጠራ ነው። ለጭፈራው የመጣ ሁሉ ለቢራው አይመለስም። በነፃ የቀመሰ ሁሉ ከኪሱ አውጥቶ አይገዛም። ይህንን ልዩነት የሽያጭ ሠራተኛው ያውቀዋል፤ አከፋፋዩም ያውቀዋል። ብዙ ጊዜ ሳያውቀው የሚቀረው ገንዘቡን ያስቀመጠው ባለአክሲዮን ነው። የቢራ ገበያውን ያለፉ ዓመታት ታሪክ ለሚመለከት ሰው ዋናው ትምህርት ይኸው ነው፦ የጨረባ ተዝካር የሚመስል ድግስ ገበያ አይሆንም። ወደፊት ትርፍ ያለው ከበሮውን ካሳነሰ፣ ጣዕሙን ካበዛና እዚያው ጠምቆ እዚያው ከሚሸጥ ትንሽ መጠመቂያ ዘንድ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ግን ሕጉም ባለገንዘቡም የሚለኩበትን ቁና መቀየር አለባቸው።

ስሙ በዛ፣ ባለቤቱ አነሰ

የኢትዮጵያ የቢራ ኢንዱስትሪ ዕድሜው ከመቶ ዓመት በላይ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ የተቋቋመው በ1915 ዓ.ም. ነው። በደርግ ዘመን ጠመቃው በመንግሥት እጅ ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የፈረንሳዩ ካስቴል ቡድን በቢጂአይ በኩል ቅዱስ ጊዮርጊስን ሲገዛ በሩ ተከፈተ። ትልቁ ማዕበል የመጣው ግን ዘግይቶ ነው። በ2003 ዓ.ም. መጨረሻ ሄኒከን የበደሌንና የሐረርን ፋብሪካዎች በድምሩ በ163 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ጥቂት ወራት ሳይቆይ በ2004 ዓ.ም. ዲያጆ ሜታ አቦን በ225 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ።

ዋጋው ሲሰማ ገበያው ደነገጠ፤ ደግሞም ጎመዠ። የውጭ ሰዎች ይህን ያህል የሚከፍሉ ከሆነ እዚህ ወርቅ አለ ማለት ነው ተባለ። ሄኒከን በቂሊንጦ አዲስ ፋብሪካ አቁሞ ዋልያን አመጣ፤ ቢራው የብሔራዊውን የእግር ኳስ ቡድን ቅጽል ስም ይዞ ለቡድኑም ስፖንሰር ሆነ። በ2007 ዓ.ም. ሐበሻ ከደብረ ብርሃን፣ ራያ ከማይጨው ቢራቸውን አወጡ። በ2009 ዓ.ም. ዘቢዳር ከጉብሬ ተከተለ። ዳሸንም ከጎንደር አልፎ ደብረ ብርሃን ላይ ሁለተኛ ፋብሪካ ተከለ። የጠጪው ቁጥር እንዳለ ሆኖ የጠርሙሱ መለያ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተባዛ።

ከእነዚህ መካከል የተወሰኑት የቆሙት በሕዝብ ገንዘብ ነው። የሐበሻ ባለአክሲዮኖች ብቻ ከ8,000 በላይ ነበሩ። መምህሩ፣ ነጋዴው፣ በውጭ አገር የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ሁሉ ከቁጠባው ቆርሶ ገዛ። አክሲዮኑ ሲሸጥ የተነገረው የቢራ ጥማት ነበር፤ በቂ ትኩረት ያላገኘው ሌላው ጥያቄ ግን የመውጫው በር ነው። በጊዜው የአክሲዮን ገበያ አልነበረም። የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ነዋይ ገበያ በይፋ የተከፈተው በጥር 2017 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ አክሲዮኑን መሸጥ የፈለገ ሰው ገዥውን በራሱ ወይም በደላላ ፈልጎ በድርድር ከመሸጥ ሌላ የታወቀ መደብ አልነበረውም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ገበያው ያውቃል። ፋብሪካ ማስፋት ካፒታል ይጠይቃል፤ ካፒታሉን የሚያመጣው ደግሞ በአብዛኛው የውጭ አጋሩ ነው። በሐበሻ ዛሬ ስዊንክልስ ተብሎ የሚጠራው የሆላንዱ የቤተሰብ ኩባንያ ባቫሪያ አብላጫውን ያዘ። ራያና ዘቢዳር በቢጂአይ ጥላ ሥር ገቡ። ዲያጆም አሥር ዓመት ከቆየ በኋላ በ2014 ዓ.ም. ሜታን ለካስቴል ሸጦ ወጣ። እንግዲህ መደርደሪያው ላይ ያለው መለያ ብዙ ነው፤ ከመለያው ጀርባ ያለው ባለቤት ግን በጣት ይቆጠራል። በድግስ ብዛት የተጀመረው ውድድር ያለቀው በባለቤት ማነስ ነው።

ይህ ማንንም ለመክሰስ የሚነገር አይደለም። ትልቅ ፋብሪካ ትልቅ ሽያጭ ይፈልጋል። ጋኑ ካልሞላና ካልተገለበጠ የባንክ ወለዱ ይበላዋል። ስለዚህ የግድ ወደ ከበሮው ይሄዳል። ለሰፊው ሕዝብ የሚጠመቅ ቢራ ደግሞ ሰፊውን ሕዝብ እንዳያስቀይም ሲባል እርስ በርሱ ይመሳሰላል። አብዛኛው ቀለል ያለ፣ ብጫ፣ ቀዝቃዛ ላገር ነው። ዓይኑን የጨፈነ ጠጪ አንዱን ከሌላው ለመለየት ሲቸገር መወዳደሪያው ጣዕም መሆኑ ይቀርና ጃንጥላና ካናቴራ ይሆናል።

ማይክራፎኑ ሲዘጋ

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አወረደ። ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥንም ከለከለ። ከሕዝብ ጤና አንፃር ሲታይ ተገቢ እርምጃ ነው የሚለው ወገን ብዙ ነው፤ ምክንያቱም አያንስም። ለገበያው ያመጣው ውጤት ግን በሚገባ አልተጤነም።

ማስታወቂያ ሲዘጋ የሚጠቀመው አስቀድሞ የታወቀው ነው። ጊዮርጊስን ወይም ሐረርን የማያውቅ ጠጪ የለም፤ ዝም ቢሉም ይጠየቃሉ። አዲስ የሚገባው ግን ድምፅ የለውም። የቀረው አንድ ማስታወቂያ ብርጭቆው ራሱ ነው። የቀመሰ ሰው ለጓደኛው ይነግራል፤ ጓደኛው ይመጣል። ይህ መንገድ አዝጋሚ ነው፤ ለአንድ ሚሊዮን ሄክቶሊትር ፋብሪካ አይበቃም። በቀን ጥቂት መቶ ሊትር ለሚጠምቅ ቤት ግን ይበቃል። እንግዲህ ሕጉ ሳያስበው ለትንሹ ጠማቂ አንድ ቀዳዳ ከፍቶለታል ማለት ነው።

የትንሹ ጋን ሂሳብ

አነስተኛ መጠመቂያ ለአዲስ አበባ ፍፁም እንግዳ አይደለም። በ2000ዎቹ ዓመታት በቦሌ ጋርደን ብሮይ በሚል ስም የታወቀው ቤት በጀርመን ስልት እዚያው ጠምቆ እዚያው ሲቀዳ ከተማው አይቷል። ነጣ ያለው ብሎንዲ፣ ጠቆር ያለው ኤቦኒ ይባል ነበር። ጠጪው የመዳብ ጋኑን እያየ ይጠጣል። ለዚያ ቤት ጠርሙስ፣ ሳጥን፣ የጭነት መኪናና ወኪል አከፋፋይ ዋና ጉዳዮች አልነበሩም።

የዚህን ጥቅም ለማየት ቀላል ስሌት ይበቃል። ለምሳሌ አንድ ቤት 1,000 ሊትር የሚይዝ ማብላያ ጋን አለው እንበል። ብክነቱን ትተን አንድ ጥንስስ 2,000 ባለግማሽ ሊትር ብርጭቆ ይሰጣል። ላገር በቅዝቃዜ ቀስ ብሎ ስለሚበስል በአማካይ አምስት ሳምንት ቢፈጅ ጋኑ በዓመት የሚገለበጠው አሥር ጊዜ ያህል ነው። ኤል የሚባለው ዓይነት ደግሞ ሞቅ ባለ ሙቀት ፈጥኖ ስለሚብላላ በሁለት ሳምንት ተኩል ሊደርስ ይችላል፤ ሃያ ጊዜ ይገለበጣል። ጋኑ ያው ነው፤ ኪራዩም ያው ነው፤ የሚሸጠው ቢራ ግን በእጥፍ ይለያያል። ኤል ያን ያህል ቅዝቃዜ ስለማይሻ መብራት በጠፋ ቁጥር የሚመጣው ስጋትም ይቀንሳል። ትልልቆቹ በላገር ሲተናነቁ ትንሹ በሌላ ጣዕምም በሌላ ሂሳብም መጫወት ይችላል።

ይሁንና ትንሽነት በራሱ በረከት አይደለም። ፋብሪካው ብቅሉን በመቶ ቶን ሲገዛ ትንሹ በከረጢት ይገዛል፤ በኪሎ የሚከፍለው ይበልጣል። ሆፕስ የሚባለው መራራ አበባና እርሾው ከውጭ ይመጣሉ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ጋንም ሆፕስም በብር ሲቆጠሩ ዋጋቸው በእጅጉ ንሯል። ደግነቱ በብቅል በኩል በሩ ከፈት ብሏል። የአሰላ ብቅል ፋብሪካ ከቀድሞም አለ፤ በ2013 ዓ.ም. አካባቢ ደግሞ ሱፍሌ በቦሌ ለሚ፣ ቡርትማልት በደብረ ብርሃን ትልልቅ የብቅል ፋብሪካዎች አቁመዋል። የአርሲና የባሌ ገብስ ወደ ብቅልነት ለመቀየር ባሕር መሻገር አያስፈልገውም።

ቀረጡ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ስሌቱን ከማምረቻ ወጪ አንስቶ በፋብሪካ መሸጫ ዋጋ ላይ አሳረፈው። ለቢራ ከመቶ የሚሰላው ወይም በሊትር የተቆረጠው ብር ከሁለቱ የበለጠው እንዲከፈል ደነገገ። የአገር ውስጥ ግብዓት በብዛት ለሚጠቀም ዝቅ ያለ ምጣኔ ሰጠ። ይህ የመጨረሻው ለገበሬው ጥሩ ነው። ሆኖም መሰላሉ የተሠራው በግብዓት እንጂ በመጠመቂያው መጠን አይደለም። በሳምንት አንድ ጋን የሚገለብጠውና በሰዓት በአሥር ሺህ የሚቆጠር ጠርሙስ የሚሞላው በአንድ ሚዛን ይቀመጣሉ። ዝሆንና ፍየል በአንድ ገበታ ቀርበው እኩል ብሉ ቢባሉ የሚጠግበው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው።

ሌሎች እንዴት አደረጉት?

አሜሪካ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ የነበሯት የቢራ ፋብሪካዎች ከመቶ ያነሱ ነበሩ። ዛሬ ከ9,000 በላይ ናቸው። ለውጡ በአንድ ጀንበር አልመጣም፤ ሁለት ትንንሽ የሕግ እርምጃዎች ግን መንገዱን ጠርገዋል። በ1976 እ.ኤ.አ. ለአነስተኛ ጠማቂዎች በመጀመሪያዎቹ 60,000 በርሜሎች ላይ የሚከፈለው ቀረጥ በበርሜል ከ9 ዶላር ወደ 7 ዶላር ዝቅ አለ። በ1978 እ.ኤ.አ. ደግሞ በቤት ውስጥ ለራስ መጥመቅ በፌዴራል ሕግ ተፈቀደ። በጓዳ የተማረው ቆይቶ ሱቅ ከፈተ። እንግሊዝም በ2002 እ.ኤ.አ. በዓመት ከ5,000 ሄክቶሊትር በታች ለሚጠምቁ ቀረጡን በግማሽ ቀነሰች፤ በየመንደሩ ጠማቂ ተነሣ።

ፌስቲቫሉም ከዚያ በኋላ ትርጉም አገኘ። በኮሎራዶ በ1982 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ታላቁ የአሜሪካ ቢራ ፌስቲቫል ዋና ጉዳዩ ዘፈን አይደለም። ሰው መግቢያውን ከፍሎ ይገባል፤ በትንሽ ብርጭቆ የብዙ ጠማቂዎችን ሥራ ይቀምሳል። በጎን ደግሞ ዳኞች የማን ቢራ እንደሆነ ሳይነገራቸው ቀምሰው ሜዳሊያ ይሰጣሉ። የማይታወቅ መንደር ቢራ ከታወቀው በልጦ የሚወጣበት መድረክ ነው። ለባለገንዘብ ይህ ከሺህ ማስታወቂያ ይልቃል።

አዲስ ቢራ የማውጣት ጥበብም እንዲሁ። በካሊፎርኒያዋ ሳንታ ሮዛ ከተማ ረሽያን ሪቨር የተባለው ጠማቂ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፕሊኒ ዘ ያንገር የሚባል ጠንካራና መራራ ቢራ በዓመት አንድ ጊዜ ለሁለት ሳምንት ያህል ብቻ ያወጣል። ሰው ከሩቅ አገር ተጉዞ ለሰዓታት ይሰለፋል። የአካባቢው የኢኮኖሚ ልማት ጽሕፈት ቤት በ2020 እ.ኤ.አ. ያ ወረፋ ለወረዳው ያስገባውን ሲያሰላ ከ5 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ከዚያ ገንዘብ ቀላል የማይባለው ወደ ሆቴሉ፣ ወደ ምግብ ቤቱና ወደ ታክሲው የገባ ነው። ያን ሁሉ ያመጣው አንድ ጣዕምና አንድ ትዕግሥት ነው፤ በዓመት ውስጥ ሃምሳ ሳምንት አለመሸጥ።

የአሜሪካውን ምሳሌ እንዳለ መቅዳት ግን አይገባም። እዚያም ገበያው ጠግቧል፤ በ2024 እ.ኤ.አ. ከተከፈቱት መጠመቂያዎች የተዘጉት በልጠዋል። ትንሽ መሆን ከኪሳራ አያድንም። ልዩነቱ ትንሹ ሲወድቅ የሚጎዱት ጥቂት ሰዎች መሆናቸው ነው። በስምንት ሺህ ሰው ቁጠባ የተተከለ ፋብሪካ ሲንገዳገድ ግን የሚሰማው ድምፅ ሌላ ነው።

ጣሳዋ ያለችበት ቤት

አነስተኛ ጠመቃ ከውጭ የሚመጣ ፋሽን ነው የሚል ቢኖር ወደ ሰፈር ጎራ ማለት ይበቃዋል። በእንጨት ጫፍ ላይ የተደፋች ጣሳ ያለችበት ቤት ጠላ ቤት ነው። እዚያ ውስጥ ያለችው ሴት ብቅሉን ታበቅላለች፤ አሻሮውን ትቆላለች፤ ጌሾውን ትወቅጣለች፤ ጥንስሱን ጥላ ድፍድፉን ትጠብቃለች። የገበያ ጥናት ባለሙያ ሳትቀጥር የሰፈሯን ጠጪ ልክ ታውቃለች፤ ከሚሸጠው በላይ ብትጠምቅ እንደሚኮመጥጥባት ስለምታውቅ አታበዛም። ብዙ ሚሊዮን የፈሰሰባቸው ፋብሪካዎች የጎደላቸው ጥበብ ይኸው ነበር፦ የሚጠጣውን ያህል መጥመቅ።

የአንዱ አገር ጠላ ከሌላው ይለያል። የጎጃምና የጎንደር ቆረፌ ከሸዋው ጠላ ጋር አይምታታም። ጌሾ በሆፕስ ፋንታ የሚያገለግል፣ በአገር ውስጥ የሚበቅል፣ ዶላር የማይጠይቅ መራራ ነው። ይህን እውቀት ከንጹሕ ጋን፣ ከሙቀት መለኪያና ከላቦራቶሪ ምርመራ ጋር ያጋባ ጠማቂ የማንም ኩባንያ ቅጂ ያልሆነ ቢራ ሊያወጣ ይችላል። በዚያን ጊዜ ጠላ ጠማቂዋ የምትገፋ ሳትሆን በሙያዋ የምትቀጠር ወይም ድርሻ የምትይዝ መሆን አለባት። አለበለዚያ ሙያው ከጓዳ ወጥቶ ትርፉ ለሌላ ይሆናል፤ ይህ ደግሞ በቡናው ላይ የታየ በሽታ ነው።

ምን ይደረግ?

አንደኛው ሥራ የመንግሥት ነው። የኤክሳይስ መሰላሉ በዓመታዊ ምርት መጠን ቢከፋፈልና ታችኛው እርከን ለትንሹ ቢቀልለት ግምጃ ቤቱ የሚያጣው ብዙ አይደለም፤ ዛሬ ከሌለ መጠመቂያ የሚሰበሰብ ቀረጥ የለምና። ቅናሹ ግን ለትልልቆቹ የኋላ በር እንዳይሆን የባለቤትነት ቁጥጥር ያስፈልገዋል። አንድ ፋብሪካ አሥር ትንንሽ ስም አውጥቶ ቅናሹን ከወሰደ ነገሩ ከእጅ አይሻል ዶማ ይሆናል።

ሁለተኛው የፌስቲቫል አዘጋጆች ነው። የቢራ ድግስ በአንድ ስፖንሰር ቀለም ተቀብቶ ሌላውን በር ላይ የሚያስቀር ከሆነ ገበያ ሊባል አይገባውም። ቀማሹ ከፍሎ ይቅመስ፤ ብርጭቆው ትንሽ ይሁን፤ ዕድሜው በር ላይ ይታይ፤ ዳኝነቱም ስሙ በተሸፈነ ብርጭቆ ይሁን። መጠጥ ያበረታታል ለሚለው ሥጋትም መልሱ እዚሁ ላይ አለ። ሰው በነፃ ሲቀዳለት ጠግቦ ይጠጣል፤ ከፍሎ ሲቀምስ ግን መርጦ ይጠጣል።

ሦስተኛውና ለዚህ ገጽ አንባቢ የሚቀርበው የባለገንዘቡ ድርሻ ነው። ነገ አንድ ሰው የአዲስ መጠመቂያ አክሲዮን ይዞ ቢመጣ ከመፈረም በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች አሉ። ጋኑ በዓመት ስንት ጊዜ ይገለበጣል? ከብቅሉና ከመራራው ምን ያህሉ በብር ይገዛል? ባለፈው ወር ከፍሎ የጠጣ ሰው በዚህ ወር ስንቱ ተመልሷል? ካፒታል ሲጨመር የመጀመሪያው ባለአክሲዮን ድርሻ የት ይደርሳል? መሸጥ ቢፈልግስ ለማን? ደላላም ቢሆን እነዚህን ሳይጠይቅ አክሲዮን የሚያሻሽጥ ከሆነ ኮሚሽኑን እንጂ ስሙን አያተርፍም።

መልሱ በምርቃቱ ቀን ፎቶግራፍ ከሆነ፣ የመድረኩ ስፋትና የድምፃዊው ስም ከተጠቀሰ፣ እዚያ ላይ ቆም ማለት ይበጃል። መልሱ ከባዶ ጠርሙስ ወይም ከባዶ በርሜል ቆጠራ ከሆነ ግን ሂሳቡን ተቀምጦ መሥራት ያዋጣል። ባለጣሳዋ ሴት ይህንን ያለ ሂሳብ ሹም ስታሠላው ኖራለች። ከበሮ አላስመታችም፤ ማታ ጋኗን አዘንብላ ታያለች፤ ባዶ ከሆነ ነገ ትጠምቃለች።